ጭሱ በአፍንጫ፣ እርሳሱ በእጅ፦ ቤታችን ውስጥ ሶልደር ለምናደርግ ወንድሞችና እህቶች



አንድ ወንድማችን አለ። ቀን ሱቅ ይውላል፤ ከዒሻ በኋላ ቤቱ ተቀምጦ ሞባይል ይጠግናል። መጀመሪያ የጀመረው ለጨዋታ ያህል ነበር። የተበላሸ ሬዲዮና ቻርጀር መፍታት ይወዳል። ከዚያ የጎረቤት ስልክ መጣለት፣ ከዚያ የጎረቤቱ ዘመድ ስልክ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አልሐምዱሊላህ የቤት ኪራይ የሚሸፍንለት ሥራ ሆነ። ቤቱ አንድ ክፍል ናት። በአንዱ ጥግ አልጋ፣ በሌላው ጥግ የሥራ ጠረጴዛ፣ መሐሉ ላይ ምንጣፍ። ምንጣፉ ላይ ይሰገዳል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ገና መዳህ የጀመረች ልጁም እዚያው ትድሃለች።

ይህ ወንድማችን ሳል ያዘው። ሌሊት ሌሊት ደረቱን ጭምቅ ያደርገዋል። «የአዲስ አበባ ብርድ ነው» ይለን ነበር። ዝንጅብሉን፣ ማሩን፣ ጥቁር አዝሙዱን ሁሉ ሞከረ። ለዒድ ወሎ ቤተሰቦቹ ጋ ሄዶ አሥር ቀን ሰነበተ። የወሎ ደጋ ብርድ ከአዲስ አበባው አይብስ እንደሆን እንጂ አያንስም፤ ሳሉ ግን ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ተወው። ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጠ በሁለተኛው ሌሊት ሳሉም አብሮት ተመለሰ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ፣ ከሁሉ በፊት የተጠየቀው ጥያቄ «ሥራህ ምንድነው?» የሚል ነበር። ውጤቱ አስም ሆነ፤ መንስኤው ደግሞ ማታ ማታ ፊቱ ላይ የሚወጣው ቀጭን ጭስ።

እውነቱን እንናገር። እኛ ጓደኞቹ እዚያች ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ቡና ጠጥተናል። ጭሱን አይተነዋል። እንዲያውም «ሽታው ደስ ይላል» ብለናል። አንዳችንም «መስኮቱን ክፈተው» አላልነውም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚህ ጸጸት ነው። ዛሬ በየሰፈራችን ሞባይል የሚጠግን፣ ስፒከርና ቻርጀር የሚሠራ፣ ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት አርዱዪኖ የሚገጣጥም ወጣት እየበዛ ነው። ይህ ትልቅ ኸይር ነው። ነገር ግን ለልጆቻችን ሶልደሪንግ አይረኑን ስንገዛ፣ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ጭሱ ምንድነው?

ብዙ ሰው ጭሱን የእርሳስ ጭስ ይመስለዋል። አይደለም። ሶልደር የምንለው ሽቦ ልቡ ውስጥ ፍላክስ የሚባል ነገር አለው። ፍላክሱ ብረቱን አጽድቶ ሶልደሩ እንዲይዝ ያደርጋል። በአብዛኛው የሚሠራውም ሮዚን ከሚባል፣ ከፓይን ዛፍ ከሚገኝ ሙጫ ነው። ዕጣን የዛፍ ሙጫ እንደሆነ ሁሉ ይህም የዛፍ ሙጫ ነው። ምናልባት ሽታው የማያስፈራን ለዚህ ይሆናል፤ አፍንጫችን የዛፍ ሙጫ ጭስን ከልጅነቱ ከቡናና ከእንግዳ ጋር ለምዶታል።

አይረኑ ግን ብዙ ጊዜ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው የሚሠራው። በዚህ ሙቀት ሙጫው ይቃጠላል፣ ይተናልም። ከሚወጣው ውስጥ ፎርማልዴሃይድን የመሰሉ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ጋዞችና እጅግ ደቃቅ የሆኑ የሙጫ ቅንጣቶች አሉበት። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሮዚን ጭስን በሥራ ምክንያት ለሚመጣ አስም ዋና ዋና መንስኤዎች ከሚላቸው መካከል ያስቀምጠዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጠባዩ ደግሞ ይህ ነው። ሰውየው ለወራት፣ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊሠራ ይችላል። አንድ ቀን ግን ሰውነቱ ጭሱን እንደ ጠላት መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጭስ እንኳ ደረቱን ትዘጋዋለች። ብዙዎች እዚያ ከደረሱ በኋላ ወደ ድሮው መመለስ አይችሉም፤ የሚወዱትን ሥራ እስከ መተው ይደርሳሉ። ስለዚህ «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» ማለት ጭሱ እንደማይጎዳህ ማስረጃ አይሆንም።

ምልክቱ ዓይን ማሳከክና ማልቀስ፣ አፍንጫ መዝለቅለቅ፣ ሳል፣ ሲተነፍሱ ሲር ሲር ማለት፣ ደረት መጨምደድ ነው። ብዙ ጊዜ ሥራው ላይ ሳለ ሳይሆን ሌሊት ይመጣል፤ በዚህም ምክንያት ሰው ከብርድ ጋር ያያይዘዋል። የወንድማችን ታሪክ ዋናውን መለያ ያሳየናል። ሥራ ስታቆም የሚሻልህ፣ ስትመለስ የሚመለስብህ ሳል ከሆነ ለሐኪምህ ሥራህን ሳትደብቅ ንገረው።

እርሳሱስ?

እርሳሱ የሚገባው በሌላ በር ነው። ጥቅልሉ ላይ 60/40 የሚል ካየህ 60 በመቶ ቆርቆሮ፣ 40 በመቶ እርሳስ ማለት ነው። «ፒ» እና «ቢ» የሚሉት የላቲን ፊደላት አብረው ከተጻፉም የእርሳስ ምልክት ናቸው። እርሳስ የሚፈላው 1,749 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በአይረኑ ሙቀት ወደ አየር የሚሄደው እጅግ ጥቂት ነው። ሽቦውን በያዝክበት ጣት ላይ ግን ይቀራል። ጠረጴዛው ላይ፣ አይረኑ በሚጠረግበት ስፖንጅ ላይ፣ ወደ ምንጣፉ በሚፈናጠሩት ደቃቅ ኳሶች ላይ ይቀራል።

እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ጣታችን ሶልደሩን ይዞ ቆይቶ ወደ እንጀራው ይሄዳል። ሁለቱ እጆቹ ሲያዙበት ሽቦውን በጥርሱ የሚይዝ አለ። ጫት እየቀነጠበ የሚሠራም አለ፤ የጫትን ጉዳይ ለብቻው እንመለስበታለን፣ እዚህ ላይ ግን እያንዳንዷ ቅጠል ከእርሳሱ ጣት ወደ አፍ እንደምትሄድ ብቻ ልብ በሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ህፃናት ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚሰርገው ከአዋቂ ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 እጥፍ እንደሚደርስም ይገልጻል። የሚጎዳው አንጎላቸውን ነው፤ መማር፣ ማስተዋል፣ ረጋ ብሎ መቀመጥ የሚችሉበትን አቅም። አጥንት ውስጥ የተከማቸ እርሳስ በእርግዝና ጊዜ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል፣ ወደ ጽንሱም ያልፋል። እንግዲህ ያቺን አንድ ክፍል አስቧት። አባት በሐላል ሪዝቅ ሊያሳድጋት የሚደክምላት ልጅ፣ ከጠረጴዛው ሥር እየዳኸች እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ጤና ብቻ አይደለም

«ሳንባው የራሴ፣ ሥራው የራሴ» የሚል ወንድም ቢኖር በሁለቱም ተሳስቷል እንላለን። ሰውነታችን አማና ነው። በቂያማ ቀን በምን እንዳሳለፍነው እንጠየቅበታለን። ሸሪዓችን ራስን መጉዳትንም ሌላውን መጉዳትንም ይከለክላል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ አስተምረዋል። እስቲ እናስተውል፤ ሽታው ሌላውን ስለሚያስቸግር ብቻ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ ሚስትና ልጅ ተኝተው በሚተነፍሱት አየር ውስጥ አስም የሚያመጣ ጭስ መልቀቅ ምን ሊባል ነው?

«ተወኩል አለኝ» የሚል ይኖራል። ተወኩል ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት እንደሆነ ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተነዋል። እዚህ ላይ ግመሉን ማሰር ማለት መስኮት መክፈትና ማራገቢያ መትከል ነው። «ሰብር አድርግ» የምንልም አለን። ሰብር ልናስወግደው በማንችለው መከራ ላይ ነው፤ በአንድ ማራገቢያ የሚወገደውን ጭስ ታግሶ መሳብ ሰብር አይባልም።

«እነ እገሌ እኮ 30 ዓመት ሬዲዮ ጠግነዋል፣ ምን ሆኑ?» የሚለውም የተለመደ ነው። ያየናቸው የቀሩትን ነው። በሳል ምክንያት ሥራውን ትተው የሄዱትን ማን ቆጠራቸው? ደግሞም ሁሉም ሰው አስም አይዘውም፤ ማን እንደሚያዝ ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

አንዳንዶች «እርሳስ የሌለው ሶልደር ገዝቻለሁ፣ አበቃ» ይላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ላይ እርሳስን ገድቧል፤ እርሳስ የሌለውን መምረጥ ለእጅና ለህፃናት በእርግጥ መልካም ነው። ነገር ግን እሱም ፍላክስ አለው። 60/40ው 190 ዲግሪ ሳይሞላ ሲቀልጥ፣ የተለመደው እርሳስ አልባ ሶልደር ከ217 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አይረኑ ይበልጥ ይሞቃል፣ ጭሱም የባሰ እንጂ የተሻለ አይሆንም። አንዱን በር ዘግተህ ሌላውን ክፍት ትተህ «ተጠብቄያለሁ» አትበል።

ማስክ ነው ወይስ ማራገቢያ?

እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ጢም አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ጭስና ጋዝ የሚያጣራው ባለ ካርትሪጅ ማስክ የሚሠራው ጎማው ከቆዳ ጋር ሲጣበቅ ብቻ ነው። ጢም መሐል ከገባ አየሩ በጎን ሾልኮ ይገባል። ተራው የሐኪም ማስክ መጀመሪያውኑ በጎን ክፍት ነው። ኤን 95 የሚባለው ደቃቅ ቅንጣቶችን ቢይዝም ጋዙን አይዝም፤ እሱም ጢም ላይ አይጠብቅም። እህቶቻችንም ኒቃብ ወይም ሻርፕ አፍንጫን ስለሸፈነ ጭሱን ያጣራል ብለው እንዳይዘናጉ። ደግሞም ማስክ የሚጠብቀው ያጠለቀውን ሰው ብቻ ነው፤ አልጋው ላይ ለተኛችው ልጅ ምንም አያደርግላትም። ስለዚህ የእኛ መፍትሔ ጭሱን ከፊታችን ወስዶ ከቤት ማውጣት ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አንገትህን አቅና። ጭስ ከሙቀቱ ጋር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ቦርዱ ላይ ካጎነበስክ አፍንጫህ መንገዱ ላይ ነው። ፊትህን ወደ ጎን አድርግ፣ ቦርዱን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ የሚያጎላ መስታወት ተጠቀም። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ጭሱ እንዲሳብ አድርግ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚወጣ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያና 12 ቮልት የሚል ቻርጀር ይበቃል፤ ሞባይል የሚጠግን ሰው ይህን መግጠም አያቅተውም። ፊቱ ክፍት የሆነ ካርቶን ወስደህ ጀርባውን ቀድደህ ማራገቢያውን ወደ ውጭ እንዲነፍስ ግጠምና ካርቶኑን መስኮቱ ላይ አስጠጋው። ሥራህን ከካርቶኑ አፍ ጋ ሥራ። ከአንድ ስንዝር በላይ ከራቅክ የመሳብ ኃይሉ በጣም ይደክማል። አይረኑ ካርቶኑን እንዳይነካ ሁልጊዜ ማስቀመጫው ላይ አድርገው። ውጭ ያለው አየር እንዲተካ በሌላ በኩል በሩን በትንሹ ገርበብ አድርግ። ጭሱ የሚወጣበት ደግሞ የጎረቤት መስኮት አጠገብ አይሁን፤ የጎረቤት ሐቅ አለብንና።

ተራ ማራገቢያ ከኋላህ አስቀምጠህ ጭሱን ወደ ክፍሉ ብትበትነው ፊትህን አድነህ ለቤተሰብህ አከፋፈልከው ማለት ነው። በገበያ የሚሸጡት ጥቁር ስፖንጅ ያላቸው ትንንሽ መሳቢያዎችም ጭሱን ከፊት ያርቃሉ፤ ነገር ግን ስስ ስፖንጃቸው ጋዙን በሙሉ ሳይዝ አየሩን መልሰው ወደ ክፍሉ ይለቃሉ። ወደ ውጭ ማውጣት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሙቀቱን አታብዛ። አይረኑን ከሚያስፈልገው በላይ ባሞቅከው ቁጥር ፍላክሱ ይበልጥ ይጨሳል። ጫፉን ንጹሕ አድርገህ ያዝ፣ ፍላክሱንም በልክ ጨምር። ቀለም የተቀባ የመዳብ ሽቦ ሽፋኑን በአይረን አቃጥለህ ከምታነሳ በምላጭ ፋቀው፤ ከአንዳንዶቹ ሽፋን የሚወጣው ጋዝ ከሮዚኑም የከፋ አስም ያመጣል። ቦርድ የሚታጠብበትን ቲነርም ከጋለ አይረን አርቀው፤ ጭሱን ሸሽተን እሳት አንጥራ።

አራተኛ፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ውዱእ ይበቃል የሚል እንዳለ እናውቃለን። ውዱእ ዒባዳ ነው፤ ሳሙናና ማሸት ግን እርሳሱን ለማንሳት የግድ ነው። እንዲያውም ጣት ላይ ተጣብቆ የደረቀ ፍላክስ ውሃ ቆዳን እንዳይነካ የሚከለክል ከሆነ ከውዱእ በፊት መነሳት እንዳለበት ዑለማዎቻችን ካስተማሩት ይገባናል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ስትነሳ መጀመሪያ በሳሙና፣ ከዚያ ውዱእ፣ ከዚያ ሶላት፣ ከዚያ ማዕድ። ሥራ ላይ ምንም አትብላ፣ አትጠጣ። ሽቦውን በጥርስ መያዝ ደግሞ ጨርሶ ይቅር።

አምስተኛ፣ ምንጣፉን አድነው። ከጠረጴዛው ሥር በቀላሉ የሚጠረግ ፕላስቲክ አንጥፍ። ሲጨርሱ በደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ማስነሳት ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ጨርቁም ለወጥ ቤት አያገለግልም። የሥራ ጋዋን ይኑርህ፣ ልጅህን ሳታወልቀው አትቀፋት። ግንባራችንን ለሱጁድ የምናሳርፍበት መስገጃ የሥራ ጠረጴዛ ሥር አይነጠፍ።

ስድስተኛ፣ ከተቻለ ቦታውን ለይ። በረንዳ ካለ በረንዳ፣ ግቢ ካለ ግቢ። አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ ደግሞ ነፍሰ ጡርና ህፃናት በሌሉበት ሰዓት ሥራ፣ ከጨረስክም በኋላ መስኮቱን ቶሎ አትዝጋ።

ለጀመዓውም አንድ ቃል

ይህን ሁሉ ኃላፊነት በወጣቱ ትከሻ ላይ ብቻ መጫን አንፈልግም። በየመስጂዱና በየበጎ አድራጎቱ ሥራ አጥ ወጣቶችን ሞባይል ጥገና እያስተማርን ነው፤ አላህ ይቀበለን። ስልጠናው ሲያልቅ አይረን፣ መፍቻና መልቲሜትር ያለበት ቦርሳ እንሰጣለን። ከእንግዲህ በዚያ ቦርሳ ውስጥ አንድ ማራገቢያና አንድ ሳሙና ይጨመር እንላለን። ካልተቻለ መፍቻው ይቀነስና ማራገቢያው ይግባ። ሥራ ሰጥተነው ሳንባውን ከወሰድንበት ምኑን ረዳነው? አሠልጣኞችም የመጀመሪያው ትምህርት ጭሱ በየት እንደሚወጣ ይሁን፤ አሠልጣኙ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እያጨሰ ተማሪው መስኮት ይከፍታል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

ወላጆችም ልጃችሁ ኤሌክትሮኒክስ ስለወደደ አትከልክሉት። ኒዕማ ነው። አይረኑን ስትገዙለት ግን የሚሠራበትን ቦታ አብራችሁ ምረጡለት፣ እጁንም ታጥቦ ወደ ማዕድ እንደመጣ ጠይቁት።

ወንድማችን ዛሬ መድኃኒቱን ይወስዳል። ቦርድ መበየዱን ለጊዜው ትቶ ስክሪንና ባትሪ ብቻ ይቀይራል። ገቢው ቀንሷል፣ እሱን አንደብቃችሁም። ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አውጥቶታል፤ ምንጣፉ ታጥቧል። ባለፈው ለዚያራ ስንሄድ፣ ሙያውን የሚማርለት የአክስቱ ልጅ ከእኛ ገዝቶ የገጠመውን ማራገቢያ አበራልንና ጭሱ ጎንበስ ብሎ ወደ ካርቶኑ ሲገባ አሳየን። ከሁለት ዓመት በፊት ልናደርገው የምንችለው ነገር ነበር።

በዚህ ሳምንት ሶልደር የሚያደርግ አንድ ወንድም ወይም እህት ጋ ሂዱና ከማውራታችሁ በፊት መስኮቱን ተመልከቱ። ለሚጠቅመውም ሰው ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት።

አላህ ለታመሙት ዓፊያውን ይስጥልን፣ ሪዝቃችንን ሐላልና ጤና ያለበት ያድርግልን፣ ለቤተሰቦቻችን አማና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።